ብርሃንና ማጣሪያ፦ የባሕር ውሃ አኳሪየም መሣሪያዎች ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ላይ ላዩን ሲታይ የነጋዴ ጉዳይ ይመስላል። በመስታወት ገንዳ ውስጥ የባሕር ፍጥረት ለማኖር የሚሻ ሰው ወደ መደብር ሲሄድ ሁለት ጥያቄዎች ይጠብቁታል፤ ምን ዓይነት መብራት? ምን ዓይነት ማጣሪያ? ሻጩ ዋጋውን፣ የዋቱን መጠንና ውሃው በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይነግረዋል። ገዢው ኪሱን አይቶ ይወስናል። በመደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡት ዕቃዎች ግን የአንድ ዓይነት ዕቃ ርካሽና ውድ ቅጂዎች አይደሉም። እያንዳንዳቸው ባሕር ራሱን እንዴት ንጹሕ አድርጎ እንደሚያኖር ለተነሣ አንድ የቆየ ክርክር የተሰጡ የተለያዩ መልሶች ናቸው። አንዳንዶቹ መልሶች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ስለዚህ ታሪኩን ሳያውቁ መሣሪያውን መምረጥ ክርክሩን ሳይሰሙ እንደ መፍረድ ነው።

በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳውቅ።

ታሪኩ የሚጀምረው ያለ መብራትም ያለ ማጣሪያም ነው። ፈረንሳዊቷ ወይዘሮ ዣን ቪልፕሩ-ፓወር በፓሪስ በልብስ ስፌት ሙያ ስም ያወጡ፣ ኋላም አግብተው በሲሲሊ ደሴት በመሲና ከተማ የኖሩ ሴት ነበሩ። በ1830ዎቹ አርጎኖት የሚባለውን ባለ ስምንት እግር የባሕር እንስሳ ያጠኑ ጀመር። የዘመኑ ሊቃውንት ክርክር ይህ ነበር፦ እንስሳው የሚኖርበትን ስስና ነጭ ዛጎል ራሱ ይሠራዋል ወይስ ከሌላ ፍጥረት ወርሶ ይገባበታል? በአልኮል ጠርሙስ ውስጥ የተቀመጠ ሬሳ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊሰጥ አይችልም። ወይዘሮዋ ባሕር ውስጥ የሚቀመጡ ቀፎዎችንና የመስታወት ገንዳዎችን አሠርተው እንስሳውን በሕይወቱ ተመለከቱት። ዛጎሉን ሰብረው እንስሳው መልሶ ሲጠግነው አዩ። ክርክሩም በእርሳቸው አስተያየት በኩል ተዘጋ። ኋላ መርከብ ሰጥሞ አብዛኛው የጥናት ስብስባቸው ከነሥዕሎቻቸው ባሕር ቢገባም ዘዴው ግን ቀረ። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ማጣሪያ ያላስፈለጋቸው ለምን እንደሆነ ነው። ባሕሩ ከደጃቸው ነበር። የቆሸሸውን ውሃ ደፍቶ አዲስ መቅዳት በመሲና ቀላል ነገር ነው። የማጣሪያ ጥያቄ የሚወለደው ሰው ከባሕር ርቆ ባሕርን ሲፈልግ ነው።

እንግዲህ ወደ ለንደን እንሂድ። በ1846 ወይዘሮ አና ታይን የዌስትሚንስተር አቢ ቤተ ክርስቲያን ካህን ባለቤት ሳሉ በእንግሊዝ ደቡባዊ ዳርቻ በምትገኘው በቶርኪ ከተማ ሕያው ኮራሎች አገኙና ወደ ለንደን ይዘዋቸው መጡ። ያመጡት የባሕር ውሃ ጥቂት ነው፤ ቶሎ ቶሎ ማስመጣትም አድካሚ ነው። የፈጠሩት መፍትሔ ለዛሬ ጉዳያችን ቁልፍ ነው። ውሃው በተከፈተ መስኮት ፊት ለግማሽ ሰዓት ወይም ለአርባ አምስት ደቂቃ ያህል ከዕቃ ወደ ዕቃ እየተገለበጠ አየር እንዲያገኝ አደረጉ። ይህን የምትሠራው አንዲት ትንሽ የቤት ሠራተኛ ነበረች። ወይዘሮዋ ከዓመታት በኋላ በ1859 ባሳተሙት ጽሑፍ ልጅቷን በስሟ አይጠሯትም። ሥራው አድካሚ መሆኑን ያምናሉ፤ ልጅቷ ግን እንደ ጨዋታ ትቆጥረው ነበር ይላሉ። ልጅቷ ራሷ ብትጠየቅ ምን ትል እንደነበር መገመት አያዳግትም። የዛሬው የአየር ፓምፕና የውሃ ማዞሪያ ሞተር የተተኩት በዚያች ልጅ ክንድ ቦታ ነው። አኳሪየምን የሚመለከቱ የታሪክ መጻሕፍት ስለ ፈልሳፊዎች ብዙ ይላሉ፤ ስለ እርሷ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፋሉ።

በቀጣዩ ዓመት ወይዘሮ ታይን በገንዳው ውስጥ የባሕር ዕፅዋት ጨመሩ። ኮራሎቹ ለሦስት ዓመት ገደማ ኖሩ፤ ተራቡም። ሠራተኛዋ የምትሰጠውን አየር በከፊል ዕፅዋቱ ይሰጡ ጀመር ማለት ነው። ዕፅዋት ደግሞ ብርሃን ይሻሉ። ስለዚህ በታሪክ የመጀመሪያው የኮራል መብራት የለንደን መስኮት ነበር፤ ያገለገለውም ለማየት ሳይሆን ለማጣራት ነው። ብርሃንና ማጣሪያ በሁለት መደርደሪያ ከመለያየታቸው በፊት አንድ ነገር ነበሩ።

ይህን ሐሳብ ወደ ሕግ ያሳደጉት ኬሚስቱ ሮበርት ዋሪንግተን ናቸው። በ1850 ባሳተሙት ጥናት በአንድ ገንዳ ውስጥ ወርቃማ ዓሣ፣ የውሃ ሣርና ቀንድ አውጣ አብረው ሳይታወኩ ሊኖሩ እንደሚችሉ አሳዩ። ዓሣው የሚያወጣውን ሣሩ ይወስዳል፤ ሣሩ በብርሃን ኦክስጅን ይሰጣል፤ የሚበሰብሰውን ቅጠል ቀንድ አውጣው ይበላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ይህንኑ በባሕር ውሃ ሞከሩት። ዘመኑም አመቺ ነበር። በብሪታንያ የመስታወት ቀረጥ በ1845 ተሽሯል፤ ሐኪሙ ናታንየል ዋርድ ደግሞ ዕፅዋትን በተዘጋ የመስታወት ሣጥን ማኖር እንደሚቻል ቀደም ብለው አስተምረዋል። በ1853 በለንደን የሬጀንትስ ፓርክ የእንስሳት ማቆያ የመጀመሪያው የሕዝብ የዓሣ ቤት ተከፈተ። በሚቀጥለው ዓመት ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ አኳሪየም የሚለውን ስም ያሰራጨውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ጨዎችን በልክ ቀላቅሎ ሰው ሠራሽ የባሕር ውሃ ማዘጋጀትም የተጀመረው በዚህ ወቅት ነው። ከባሕር ርቆ ለሚኖር አገር ይህ ፈጠራ ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን የዛሬው ርእሳችን አይደለምና አልፈዋለሁ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ውድቀት ግን ሊታለፍ አይገባም። በ1850ዎቹ ብዙ የእንግሊዝ ቤተሰቦች በሳሎናቸው ገንዳ አስቀመጡ፤ ብዙዎቹም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አረንጓዴና ሽታው የሚያስቸግር ውሃ ሆነው ተደፉ። ምክንያቱ የ‹‹ሚዛን›› አስተምህሮ ብርሃን ጥሩ ነው ማለቱ ነበር። ሰዎች ከአራቱም ጎን መስታወት የሆነ ገንዳ በመስኮት ደፍ ላይ አስቀመጡ። ፀሐዩ ውሃውን አሞቀው፤ አልጌው ሁሉን ሸፈነው። በባሕር ውስጥ ግን ብርሃን የሚመጣው ከላይ ብቻ ነው። ነገሩ ለማንም ግልጽ ይመስላል፤ ሆኖም ገንዳ ሠሪዎች እስኪገነዘቡት ዓመታት ወሰደባቸው። ዋሪንግተን ራሳቸው ኋላ ላይ ጀርባው ያዘመመና ብርሃን ከላይ ብቻ የሚገባበትን ገንዳ አቀረቡ። ዛሬም መብራትን ከጎን የሚተክል ሰው የ1850ዎቹን ስሕተት ይደግማል።

አሁን የታሪኩ ወሳኝ መታጠፊያ ላይ ደርሰናል። ዊልያም አልፎርድ ሎይድ በለንደን የአኳሪየም ዕቃ ነጋዴ ነበሩ። ከ1864 ጀምሮ በሃምቡርግ የእንስሳት ማቆያ አኳሪየሙን መሩ፤ በ1871 ደግሞ በለንደን በክሪስታል ፓላስ የተከፈተውን አኳሪየም አደራጁ። የሎይድ መርሕ ቀላልና ለዘመኑ ድፍረት የተሞላበት ነበር። ሕዝብ ከሚያያቸው ገንዳዎች ሥር ከእነርሱ አምስት እጥፍ ያህል ውሃ የሚይዝ ጨለማ ጉድጓድ አኖሩ። በእንፋሎት ኃይል የሚሠራ ፓምፕ ውሃውን ሌትና ቀን ከጉድጓዱ ወደ ገንዳዎቹ፣ ከገንዳዎቹም ወደ ጉድጓዱ ያመላልሰዋል። ውሃው አይለወጥም፤ ይዞራል እንጂ። ብርሃን በጣም የተመጠነ ነው፤ ጎብኚው በጨለማ መተላለፊያ ቆሞ ከላይ በኩል ብቻ ወደሚበራ ገንዳ ይመለከታል። ዛሬ በየትኛውም ትልቅ አኳሪየም የምናየው ጨለማ ኮሪደርና የሚያበራ መስታወት ከዚያ ዘመን የተወረሰ ነው። አንቶን ዶርን በኔፕልስ የሥነ እንስሳት ጣቢያቸውን ሲያቋቁሙ አኳሪየሙን ያዘጋጁላቸው ሎይድ ናቸው። በ1874 ለሕዝብ የተከፈተው ይህ አኳሪየም ከመግቢያ ክፍያ የሚያገኘው ገቢ ለጣቢያው የምርምር ሥራ እንዲውል የታሰበ ነበር።

የሎይድ ዘዴ ይሠራ ነበር። ለምን እንደሚሠራ ግን ሎይድ በትክክል ሊያስረዱ አይችሉም ነበር፤ የሚያስረዳው ሳይንስ ገና አልተወለደምና። እርሳቸው ጨለማው አልጌን ይገታል፣ መዞሩም ውሃውን ከአየር ጋር አገናኝቶ ቆሻሻውን ያቃጥላል ይሉ ነበር። እውነተኛው መልስ ከባሕር ሳይሆን ከከተማ ፍሳሽ መጣ። በ1877 ፈረንሳውያኑ ሽሌዚንግና ሙንትዝ የፍሳሽ ውሃን በአሸዋ በተሞላ ረጅም ቱቦ ውስጥ ቀስ ብለው አሳለፉ። ለሃያ ቀናት ያህል ምንም አልተለወጠም። ከዚያ በኋላ በአንድ በኩል የገባው አሞኒያ በሌላው በኩል ናይትሬት ሆኖ ይወጣ ጀመር። ክሎሮፎርም ሲጨምሩበት ለውጡ ቆመ። ነገሩ ተራ ኬሚስትሪ ቢሆን ኖሮ ሃያ ቀን ባልጠበቀ፣ በማደንዘዣም ባልቆመ ነበር። ሕያው ፍጥረት ነው የሚሠራው። በ1890 ገደማ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ባክቴሪያዎቹን ለይተው አወጧቸው፤ አንዱ ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል።

ተማሪዎች ሆይ፣ ያችን ሃያ ቀን አትርሷት። ዛሬ አዲስ የባሕር ውሃ ገንዳ የሚያቋቁም ሰው ‹‹ዓሣ ከመጨመርህ በፊት ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ጠብቅ›› የሚባለው በዚሁ ምክንያት ነው። በሣጥን ታሽጎ የሚሸጠው ማጣሪያ ገና ማጣሪያ አይደለም፤ የባክቴሪያ መኖሪያ የሚሆን ባዶ ቤት ነው። ዋጋ የማይተመንለት ክፍሉ ጊዜ ነው፤ ብዙ ዓሣም የሚሞተው ባለቤቱ ይህን ክፍል ሳይገዛ በመቅረቱ ነው።

የሎይድ ድል ግን ዕዳ ነበረበት። ማጣሪያው ወደ ጨለማ በመግባቱ ብርሃን ከጉዳዩ ወጣ፤ የተመልካች ነገር ሆኖ ቀረ። ለኔፕልስ ስምንት እግርና ሸርጣን ይህ ምንም አይጎዳም። የሚጎዳው የሞቃት ባሕር ኮራል ነው።

እዚህ ላይ ወደ እኛ ቀጣና ጥቂት ልመለስ። ጀርመናውያኑ ሄምፕሪክና ኤረንበርግ ቀይ ባሕርን ባጠኑበት ጉዞ በ1825 ምጽዋ ደረሱ፤ ሄምፕሪክም በዚያው ሞቱ። ኤረንበርግ ተርፈው በ1834 ስለ ቀይ ባሕር ኮራሎች የጻፉት ሥራ መሠረታዊ ሆነ፤ ዛሬም አክሮፖራ ሄምፕሪኪ የሚባለው ቅርንጫፋም ኮራል የዚያን ሟች ስም ይዟል። ይሁን እንጂ ወደ በርሊን የተጫነው ደረቅ አጽም ነበር። ሕያው ኮራልን ከቀይ ባሕር አውሮፓ ማድረስ ቀርቶ በባሕሩ ዳር ማኖር የሚችል መሣሪያ አልነበረም። ኮራል በቤተ መዘክር ነጭ ድንጋይ ሆኖ ተቀመጠ፤ ከመቶ ዓመት በላይም ብዙ ሰው የሚያውቀው እንደዚያ ነው።

በሥነ ሕይወት በኩል ግን ዕውቀቱ ቀስ በቀስ እየተሰበሰበ ነበር። በ1881 ካርል ብራንት በአኒሞንና በሌሎች የባሕር እንስሳት ሥጋ ውስጥ የሚታዩት ቢጫ ሕዋሳት የእንስሳው አካል ሳይሆኑ አብረውት የሚኖሩ አልጌዎች መሆናቸውን ጠቅሰው ዙዛንቴላ የሚል ስም አወጡላቸው። ከ1928 እስከ 1929 በአውስትራሊያ ታላቁ የኮራል ግንብ ላይ የተካሄደውን ጉዞ የመሩት ሞሪስ ዮንግ አልጌዎቹ ኮራሉን አይመግቡትም፤ ይልቅስ የሚያስወግደውን ቆሻሻ ይወስዱለታል ብለው ተከራከሩ። ይህን አስተያየት በእኛ ቋንቋ እንግለጸው፤ ዮንግ አልጌው የኮራሉ ማጣሪያ ነው ማለታቸው ነው። በ1958 ሙስካቲንና ሃንድ በጨረር አመንጪ ካርቦን ተጠቅመው አልጌው የሠራው ምግብ ወደ አኒሞኑ ሥጋ እንደሚያልፍ አሳዩ። በ1959 ደግሞ ቶማስ ጎሮ ኮራል በብርሃን ውስጥ አጽሙን ከጨለማ ይልቅ በፍጥነት እንደሚገነባ በጨረር አመንጪ ካልሲየም ለኩ። እንግዲያው ሁለቱም ወገን ከፊል እውነት ነበራቸው። አልጌው ይመግባል፤ ያጸዳልም። ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ሥጋ ውስጥ የወይዘሮ ታይን መስኮትና ሠራተኛዋ አብረው አሉ።

የሚገርመው ይህ ሁሉ ሲታወቅ የአኳሪየም ሰዎች በሌላ ዓለም መኖራቸው ነው። በ1950ዎቹ የባሕር ውሃ ገንዳ በአብዛኛው ንጽሕናው የሆስፒታል ዓይነት ነበር። በውስጡ በማጽጃ የነጣ የሞተ ኮራል፣ ጥቂት ያሸበረቁ ዓሦችና የዓሣ በሽታን ለመከላከል የሚጨመር መዳብ ይገኛል። መዳቡ ዓሣውን ከተባይ ሲያድን አከርካሪ የሌለውን ፍጥረት ሁሉ ይገድላል። በ1938 ገበያ ላይ የዋለው የፍሎረሰንት ቱቦ ገንዳውን ለማሳየት ይበቃል፤ ኮራል ለማኖር ግን አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም።

ከዚህ ማነቆ ሁለት መንገዶች ወጡ፤ በሐሳብ እጅግ የተራራቁ ናቸው። አንደኛው ከጃካርታ ነው። ሊ ቺን ኤንግ በ1961 በአንድ የአሜሪካ የዓሣ አርቢዎች መጽሔት ላይ ዘዴያቸውን አስተዋወቁ። ከባሕር የወጣ፣ በውስጡና በላዩ ሕይወት ያለበት ድንጋይ በገንዳው ያስቀምጣሉ፤ ፀሐይ እንዲያገኝ ያደርጋሉ፤ በቀጭን ቱቦ የአየር አረፋ ይለቃሉ። ሌላ ማጣሪያ የለም። በቀዝቃዛ አገር የሚኖሩ ብዙ አንባቢዎች ሞክረውት ከሸፈባቸው፤ ድንጋዩ በጉዞ ላይ ሞቶ ይደርሳል፤ ፀሐዩም የጃካርታ ፀሐይ አይደለም። በዚህ የተነሣ ዘዴው ለረጅም ጊዜ እንደ ባላገር ብልኀት ታየ። እኔ ፍርዱ ኢፍትሐዊ ነበር እላለሁ። ‹‹ሕያው ድንጋይ›› ዛሬ የብዙ የኮራል ገንዳዎች መሠረት ነው። በድንጋዩ ገጽ ላይ ኦክስጅን የሚሹ ባክቴሪያዎች አሞኒያን ይለውጣሉ፤ ኦክስጅን በማይደርስበት ውስጠኛ ክፍሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትሬትን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ቀይረው ወደ አየር ይሸኙታል። በፋብሪካ የተሠሩ ማጣሪያዎች አብዛኞቹ የመጀመሪያውን ሥራ ብቻ ይሠራሉ።

ሁለተኛው መንገድ የጀርመን ነው። በ1960ዎቹ በዚያ አገር አረፋን የሚጠቀም መለያ፣ በተለምዶ ፕሮቲን ስኪመር የሚባለው፣ ተስፋፋ። አሠራሩን ላስረዳ። ከዓሣ ምግብና ከእዳሪ የሚወጡ ብዙ ቅመሞች አንደኛው ጫፋቸው ውሃ ይወዳል፤ ሌላው ውሃ ይሸሻል። ደቃቅ የአየር አረፋ በውሃ ውስጥ ሲያልፍ እነዚህ ቅመሞች በአረፋው ገጽ ላይ ይለጠፋሉ፤ ከአረፋው ጋር ወደ ላይ ወጥተው በጽዋ ይጠራቀማሉ። በጨዋማ ውሃ አረፋ እጅግ ደቃቅ ሆኖ ስለሚቆይ መሣሪያው ለባሕር ውሃ ይመቻል፤ ለጣፋጭ ውሃ ገንዳ ግን እምብዛም አይረባም። ልዩነቱን አስተውሉ፤ የሎይድ ማጣሪያ ቆሻሻውን ወደ ሌላ ነገር ይለውጠዋል፤ ስኪመር ግን ከመበስበሱ በፊት ከውሃው ያወጣዋል።

ሁለቱ መንገዶች የተገናኙት በበርሊን አርቢዎች እጅ ነው። ፒተር ቪልከንስ በ1973 በባሕር ውስጥ ስላሉ አከርካሪ አልባ እንስሳት ባሳተሙት መጽሐፍ ኮራልን ማኖር የሚቻል ሥራ መሆኑን አሳመኑ። የበርሊን ዘዴ የሚባለው ከጃካርታው ሕያው ድንጋይ፣ ከጀርመኑ ስኪመር፣ ካልሲየም ለመተካት ከሚጨመር የኖራ ውሃና ለመንገድና ለስታዲየም ከተሠራው ሜታል ሃላይድ አምፖል የተዋቀረ ነው። ብርሃን ከመቶ ዓመት በኋላ ከተመልካች አገልጋይነት ወደ መጋቢነት ተመለሰ። ቅርንጫፋሙ አክሮፖራ በገንዳ ውስጥ አደገ፤ እየተቆረሰም ከአርቢ ወደ አርቢ ተላለፈ። በአሜሪካ በ1986 ጆርጅ ስሚት ባወጧቸው ተከታታይ ጽሑፎች የጠብታ ማጣሪያ ገነነ። ውሃው በአየር ላይ በተደረደሩ ፕላስቲኮች ላይ እየተንጠባጠበ ይወርዳል፤ አሞኒያንም በሚያስደንቅ ፍጥነት ያስወግዳል። ነገር ግን ናይትሬት ይከመራል፤ ከጊዜ በኋላም ‹‹የናይትሬት ፋብሪካ›› የሚል ቅጽል ወጣለት። በ1990ዎቹ ብዙዎች ፕላስቲኩን አውጥተው ድንጋዩንና ስኪመሩን አስቀሩ።

ከሁሉ ይልቅ ሐሳቤን የሚስበው ግን ብዙ ተከታይ ያላገኘው የዋልተር ኤዲ መንገድ ነው። እኚህ የስሚዝሶኒያን ተቋም ተመራማሪ በ1980 በዋሽንግተን የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር የኮራል ገንዳ ለሕዝብ አቀረቡ። ማጣሪያቸው ባክቴሪያ አልነበረም፤ በጥልቀት የለሽ ትሪ ላይ በብርቱ መብራት ሥር የሚያድግ አልጌ ነበር። አልጌው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይወስዳል፤ በየጊዜው ተፍቆ ይጣላል። የትሪው መብራት የሚበራው ደግሞ የገንዳው መብራት ሲጠፋ ሊሆን ይችላል፤ ኮራሉ ሌሊት ኦክስጅን ሲጨርስ አልጌው ይተካለታል። እዚህ ላይ ብርሃን በቀጥታ ማጣሪያ ሆኗል። የ1850ው ዋሪንግተን ተመልሰው መጡ፤ ልዩነቱ አልጌው የሚፈለግበት ቦታ ተከልሎለት መኖሩ ብቻ ነው።

ስለ አምፖል ታሪክ አጭር ነገር ልበል። ውሃ ቀዩን የብርሃን ክፍል በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ውስጥ ይውጠዋል፤ ሰማያዊው ግን ጠልቆ ይዘልቃል። ስለዚህ አርቢዎች ከቢጫማው አምፖል ወደ 10,000 ከዚያም ወደ 20,000 ኬልቪን ሰማያዊ አምፖል ተሸጋገሩ። በ1993 ሹጂ ናካሙራ ብሩህ ሰማያዊ ኤል.ኢ.ዲ. ሲሠሩ፣ በኋላም በ2014 ከአካሳኪና ከአማኖ ጋር የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ሲያገኙ፣ ለኮራል ብለው አልነበረም፤ ኮራል ግን ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ሆነ። ባለ 400 ዋት ሜታል ሃላይድ በቀን ለ10 ሰዓት ቢበራ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ውሃውንም ያሞቃል። ኤል.ኢ.ዲ. ይህን ወጪ በብዙ ቀንሷል። የማልደሰተው በአንድ ነገር ነው፤ ዛሬ ብዙ ገንዳዎች የኮራሉን ቀለም ለማንጸባረቅ ሲባል በሰማያዊ ብቻ ይጥለቀለቃሉ። ይህ የሎይድ ዘመን ልማድ ነው፤ ብርሃኑ እንደገና ለተመልካች እየተመረጠ ነው። መብራት የሚመርጥ ሰው የዋቱን መጠን ወይም የዓይኑን ደስታ ሳይሆን በኮራሉ ደረጃ የሚደርሰውን፣ ለፎቶሲንተሲስ የሚጠቅመውን ብርሃን በመለኪያ ይለካ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይፈይዳል? አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቤተ ሙከራ የባሕር ውሃ ገንዳ ማቋቋም ይቻል እንደሆነ ደጋግመው የሚጠይቁ ተማሪዎች አሉ። ይቻላል። ይሁን እንጂ እስካሁን የጠቀስኳቸው ዘዴዎች ሁሉ፣ ከመሲና እስከ ጃካርታ፣ ከባሕር ወለል ብዙም ባልራቀ ከፍታ የተፈለሰፉ ናቸው። በአዲስ አበባ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ወለል ያለ የባሕር ውሃ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ የሚይዘው 5 ሚሊግራም ገደማ ነው። ውሃው በአየር ቢጥለቀለቅም ከዚህ በላይ አይሟሟም። ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ይተነፍሳሉ፤ በአሞኒያ መልክ ያለን 1 ግራም ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ለመለወጥ 4.6 ግራም ያህል ኦክስጅን ይፈጃሉ። እንግዲህ በውጭ መጽሐፍ ላይ ‹‹ለዚህ መጠን ገንዳ ይህን ያህል ዓሣ›› የሚለው ቁጥር ለእኛ ብዙ ነው። የጠብታ ማጣሪያ ኦክስጅን የሚሻው ሥራ ሁሉ የተከማቸበት መሣሪያ ስለሆነ በእኛ ከፍታ ቆሻሻውን ቀድሞ የሚያወጣውን ስኪመር አስበልጣለሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ መብራት መጥፋት ነው። ፓምፕ ሲቆም የሚሞተው መጀመሪያ ዓሣው ነው፤ በተለይም በሌሊት፤ ያን ጊዜ አልጌውም ኮራሉም ኦክስጅን የሚወስዱ እንጂ የሚሰጡ አይደሉም። በታሸገ ቆርቆሮ ውስጥ ያለ ማጣሪያ ለሰዓታት ከቆመ ውስጡ ያለው ባክቴሪያ አፍኖት ይበሰብሳል፤ ኃይሉ ሲመለስም መርዙን ወደ ገንዳው ይለቀዋል። በገንዳው ውስጥ የተዘረጋ ሕያው ድንጋይ ግን በዝግታ ይጎዳል። ስለዚህ ኃይሉ በሚቆራረጥበት አገር የሊ ቺን ኤንግ ድንጋይ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕና ከላይ የሚገባ የሰማይ ብርሃን ከውዱ ማሽን ይልቅ አስተማማኝ ናቸው። ከምድር ወገብ በ9 ዲግሪ ላይ ያለነው እኛ የምናገኘው ፀሐይ ከበርሊን ይልቅ ለጃካርታ ይቀርባል። የሚጎድለን ሙቀት ነው፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ለኮራል ይቀዘቅዛል፤ ማሞቂያም የግድ ነው። እንግዲህ ለባትሪው የምትመድቡትን ኃይል ስትሰሉ ቅድሚያው የአየሩ፣ ቀጥሎ የማሞቂያው፣ መጨረሻ የመብራቱ ይሁን። ኮራል አንድና ሁለት ቀን ያለ ብርሃን ይሰነብታል፤ ያለ ኦክስጅን ግን አያድርም።

የጨው መጠንን በሚመለከት ደግሞ የቀይ ባሕር ውሃ በደቡብ በኩል በሺህ 37 ገደማ፣ በሰሜን 40 እና ከዚያም በላይ ነው፤ በፋብሪካ ጨው ማሸጊያ ላይ የሚታዘዘው ብዙውን ጊዜ 35 ነው። ከቀይ ባሕር የመጣ ፍጥረት ለማኖር የሚያስብ ሰው ውሃውን አስቀድሞ በዚያው ልክ ያዘጋጅ። በመግቢያው በኩል በጠረጴዛው ላይ የጨው መለኪያና የኦክስጅን መለኪያ ይዘናል፤ ከጥያቄዎቻችሁ በኋላ አብረን እንሞክራቸዋለን። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።